ወታደሩ ቤቱ ሲገባ

ክፍል ውስጥ አንደኛውን የዓለም ጦርነት በ1918 እንጨርሰዋለን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ውሉ ተፈረመ፣ ካርታው ተቀየረ፣ ቀጣዩን ምዕራፍ ግለጡ። ወታደሩ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሆነ ግን መማሪያ መጽሐፋችን አይነግረንም። እኔ ያገኘሁት ልቦለድ ውስጥ ነው።

የቨርጂኒያ ዉልፍ «ሚሲስ ዳሎዌይ» በ1925 ታተመ። ታሪኩ በ1923 ጁን ወር ውስጥ ለንደን ላይ ያለፈ የአንድ ቀን ታሪክ ነው። ሴፕቲመስ ቀድመው በፈቃዳቸው ከዘመቱት አንዱ ነው። አለቃውና ወዳጁ ኤቫንስ ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ጣሊያን ውስጥ ሞተ። ሴፕቲመስ አላለቀሰም፣ እንዲያውም በጥንካሬው ኮራ። ዛሬ ግን የሞተው ኤቫንስ ይታየዋል፣ ያናግረዋል።

ሕመሙ ያኔ «ሼል ሾክ» ይባል ነበር፤ የመድፍ ድንጋጤ እንበለው። ቻርልስ ማየርስ የተባለው ሐኪም በ1915 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎበታል። መጀመሪያ የፍንዳታው ኃይል አንጎልን እያናወጠ ነው ተባለ። ኋላ መድፍ አጠገቡ ያልፈነዳበትም ወታደር ሲታመም ታየ። ፈሪነት ነው ያሉም ብዙ ነበሩ። ከ300 በላይ የብሪታንያና የግዛቶቿ ወታደሮች በመክዳት፣ በፈሪነትና በመሳሰለው ተከሰው በገዛ ጦራቸው ተረሽነዋል። ከእነሱ መካከል በዚህ ሕመም ታክሞ የነበረ ሰው ሁሉ አለ። ይቅርታ የተደረገላቸው መቼ ነው? በ2006!

እኔን የያዘችኝ ግን ሚስቱ ሬዚያ ናት። ሚላኖ ውስጥ ባርኔጣ ትሠራ የነበረች ጣሊያናዊት ናት፤ ለንደን ላይ ዘመድ የላትም። ባሏ መናፈሻ ውስጥ ብቻውን ሲያወራ ሰው አየብኝ ብላ ትሸማቀቃለች። ዶክተር ሆምስ ደግሞ ምንም አልሆነም ይላታል። እጇ ከመክሳቱ የተነሳ የጋብቻ ቀለበቷ አልቆም ብሏት ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። እሱ ባዶ ጣቷን ሲያይ ትዳራችን አበቃ ብሎ ያስባል። ከግንባር የተመለሰ ባል ወይ ወንድም ቤቱ ያለ ሰው ይህን ገጽ ሲያነብ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ሁለቱ ባርኔጣ አብረው ይሠራሉ። እሱ ጥብጣቡንና አበባውን ይመርጣል፣ እሷ ትሰፋለች፣ ይሳሳቃሉ። ለጥቂት ደቂቃ የድሮ ባሏ ተመለሰላት። ከዚያ ሆምስ ደረጃውን ይወጣል። አላስገባህም ብላ መንገድ ብትዘጋበት ገፍቷት ያልፋል። ሴፕቲመስ በመስኮት ይዘላል። ሐኪሙም ወዲያው በፈሪነት ይወቅሰዋል።

ዉልፍ ራሷ የአእምሮ ሕመም ነበረባት፤ በእንዲህ ዓይነት ሐኪሞች እጅ አልፋለች። በመጀመሪያው ውጥኗ ሴፕቲመስ የሚባል ሰው አልነበረም፤ የምትሞተው ሚሲስ ዳሎዌይ ነበረች።

በነገራችን ላይ፣ ልታነቡት የምትፈልጉ ልጆች፦ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። የማን ሐሳብ ውስጥ እንዳላችሁ እስክትለዩ ድረስ ሠላሳ ገጽ ያህል ታገሱት።