ያልተሳፈሩት መንገደኞች

በካናዳ ነዳጅ በብዛት የሚወጣባት የአልበርታ ግዛት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ርዕሰ መስተዳድር አገኘች። ወይዘሮ አሊሰን ሬድፎርድ ይባላሉ፤ የሕግ ባለሙያ ናቸው፤ በደቡብ አፍሪካም ሠርተዋል። በ2012 ምርጫ ብዙዎች ይሸነፋሉ ሲሏቸው ፓርቲያቸው ከ87 መቀመጫ 61ዱን ወሰደ። እስከዚህ ድረስ እንደ ሴት ያኮራል።

በዲሴምበር 2013 ለኔልሰን ማንዴላ ሐዘን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። ወጪው 45 ሺህ የካናዳ ዶላር ገደማ ሆነ። የኖቫ ስኮሺያው ርዕሰ መስተዳድር ግን ከአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋር ተጉዘው ከ1 ሺህ ዶላር በታች ነው ያወጡት። የአልበርታ መንግሥት በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲዎችንና የኮሌጆችን ድጎማ ቀንሶ ስለነበር ሕዝቡ ተቆጣ። ሬድፎርድ ገንዘቡን በማርች 2014 ከኪሳቸው መለሱ፤ ግን ዘግይተው ነበር። በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቁ።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና እኔን የከነከነኝ 45 ሺው አይደለም። ትልቅ ወጪ ቢያንስ ደረሰኝ አለው፤ ይታያል፤ ይጠየቃል። በኦገስት 2014 የወጣው የዋና ኦዲተሩ ሪፖርት ግን ሌላ ነገር አመጣ። የርዕሰ መስተዳድሯ ጽሕፈት ቤት በመንግሥት አውሮፕላን የማይሄዱ ሰዎችን በመንገደኛነት ያስመዘግብ ነበር። ወንበሩ የተያዘ ስለሚመስል ሌላ ሰው አይሳፈርም። ከበረራው በፊት ስሞቹ ይሰረዛሉ፤ እሳቸውም ከራሳቸው ሰዎች ጋር ብቻ ይሄዳሉ። የታተመው የመንገደኞች ዝርዝር ግን ንጹሕ ነው! በእኛ ሙያ፣ ያልሠራን ሰው ፔሮል ላይ ከማስገባት ብዙም አይርቅም። ሬድፎርድ አላውቅም ነበር ብለዋል።

ኦዲተሩ ምክንያቱን ሲጽፍ በእሳቸውና በጽሕፈት ቤታቸው ዙሪያ የነበረውን የሥልጣን ግርማ አነሣ። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደንቡ ነበረ፣ ሒሳብ ሹሞቹም ነበሩ። «እሳቸው ናቸው ያሉት» ከተባለ በኋላ ግን ማን ይጠይቃል? እኔም ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የኃላፊን ያልተወራረደ አበል «ነገ ያመጣሉ» እያልኩ ስንት ጊዜ አሳልፌያለሁ።

ሬድፎርድ ሪፖርቱ ይፋ ሊሆን ሲል የምክር ቤት ወንበራቸውንም ለቀቁ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው መንግሥት አውሮፕላኖቹ እንዲሸጡ ወሰነ። ለ44 ዓመት ገደማ የገዛው ፓርቲም በሜይ 2015 ተሸነፈ፤ ያሸነፉትም ሌላ ሴት፣ ወይዘሮ ሬቸል ኖትሊ ነበሩ።