ዘርና ውርጭ

«ክረምት» የሚለው ቃል በአማርኛ ተናጋሪና በሰሜን አውሮፓ ነዋሪ አእምሮ ውስጥ አንድ ዓይነት ሥዕል አይቀርጽም። ለእኛ ክረምት የዝናብ ወራት ነው፤ ምድር የምትረሰርስበት፣ ወንዝ ሞልቶ መንገድ የሚዘጋበት፣ ቡቃያ የሚለመልምበት፣ በመጨረሻም በአደይ አበባ የሚሸኝ ወቅት ነው። በሰሜኑ ዓለም ግን በዚሁ በእኛ ቃል የምንተረጉመው ወቅት ውሃ ድንጋይ የሚሆንበት፣ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ የሚራቆትበት፣ ዘርም ከአፈር ሥር የሞተ መስሎ የሚከርምበት ጊዜ ነው። እኛ ክረምትን የምናስበው ከእርሻ ሥራ ጋር ሲሆን፣ እነርሱ የሚያስቡት ከእርሻ መቋረጥ ጋር ነው።

በኢትዮጵያ ብርድንና ሙቀትን የሚለየው በአብዛኛው ከፍታ ነው። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው የከፈሉት በዚሁ መሠረት ነው። ከብርድ ወደ ሙቀት ለመሸጋገር ወራት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የአንድ ቀን መንገድ ቁልቁል መውረድ ይበቃል። በሰሜን ግን ሰው ባለበት ቆሞ ሳለ ብርዱ ራሱ ይመጣበታል። በ60ኛው የሰሜን ኬክሮስ ላይ የምትገኘው የዛሬዋ ሳንክት ፒተርስቡርግ፣ የቀድሞዋ ሌኒንግራድ፣ በዴሴምበር ወር ፀሐይን የምታየው በቀን ከስድስት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። በጁን ወር ደግሞ ሌሊቱ በቅጡ ሳይጨልም ይነጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለቱን ዓለማት ርቀት ለመገመት ያህል፣ በሳይቤሪያ በምትገኘው በኦይምያኮን መንደር በ1933 ዓ.ም. ብርዱ ከዜሮ በታች 67.7 ዲግሪ ደርሶ ተመዝግቧል። በእኛው አገር በዳሎል ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተካሄደው ምዝገባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የሰው ልጅ በሁለቱም ስፍራ ኖሯል። የሩሲያ ገበሬ «ፔች» የሚባለውን ትልቅ የጡብ ምድጃ ሠርቶ፣ አንድ ጊዜ አንድዶት ሙቀቱን ቀንና ሌሊት እየቆጠበ፣ ከላዩ ላይ እየተኛ ከርሟል። የያኩትስክ ሰዎች ቤታቸው ከሥሩ ያለውን የረጋ በረዶ አሙቆ እንዳይሰምጥ በምሰሶ ላይ አንሥተው ይሠሩታል። የዋልታው አካባቢ ሕዝቦች በረዶውን ራሱን ጠርበው ከበረዶ የሚከልል ጎጆ አድርገውታል።

ይሁን እንጂ ሰውን ከብርድ የሚያድነው ልብስና ግድግዳ ብቻ አይደለም። ማገዶ የሚያመጣ መንገድ፣ ዳቦ የሚያወጣ ምድጃ፣ ውሃ የሚያደርስ ቧንቧ፣ ጎረቤቱን የሚያስብ ጎረቤት ያስፈልጋል። ይህ ሥርዓት የፈረሰ ዕለት ሰው ከብርድ ጋር ራቁቱን ይጋፈጣል። የሌኒንግራድ ሕዝብ የ1941ን ክረምት የተቀበለው እንደዚህ ነበር።

ምድጃ ያለ ማገዶ

በሴፕቴምበር 8 ቀን 1941 ዓ.ም. የናዚ ጀርመን ጦር ወደ ሌኒንግራድ የሚያስገባውን የመጨረሻውን የየብስ መንገድ ቆረጠ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በከተማይቱ ውስጥ ተከበበ። ከበባው እስከ ጃንዋሪ 27 ቀን 1944 ዓ.ም. ድረስ 872 ቀናት ቆየ። ከሁሉም የከፋው ግን የመጀመሪያው ክረምት ነበር። ብርዱ ከወትሮው ቀድሞ ገባ፤ ከዜሮ በታች ከ30 ዲግሪ ያለፈባቸውም ቀኖች ነበሩ።

ከኖቬምበር 20 እስከ ዴሴምበር 25 ድረስ ለሠራተኛ በቀን 250 ግራም፣ ለሕፃናት፣ ለቢሮ ሠራተኞችና ለጥገኞች 125 ግራም ዳቦ ይታደል ነበር። ዱቄቱም ቢሆን ከፋጉሎና ከእንጨት ከተገኘ ሴሉሎስ ጋር የተቀላቀለ ነበር። የሰው ሰውነት ምድጃ ነው፤ እህል ማገዶው ነው። ብርድ በበረታ መጠን ማገዶው መጨመር ሲገባው በሌኒንግራድ ሁለቱ በተቃራኒ ሄዱ። ስለዚህ በዚያ ክረምት ረሀብና ብርድ ሁለት የተለያዩ ሞቶች አልነበሩም። አንዱ የሌላውን በር የሚከፍት ነበር።

የማሞቂያና የውሃ ቧንቧዎች ቀዝቅዘው ፈነዱ። መብራት ጠፋ፤ ትራሞች ባሉበት ቆሙ። ሕዝቡ «ቡርዡይካ» የምትባለውን ትንሽ የቆርቆሮ ምድጃ በየክፍሉ አቆመ፤ ጭስ ማውጫዋን በመስኮት አሳለፈ። ቡርዡይካ የገጠሩ ፔች ተቃራኒ ናት፤ በፍጥነት ትግላለች፣ በፍጥነትም ትበርዳለች፤ ማገዶ በላች እንጂ ሙቀት አትቆጥብም። ወንበሩ፣ የወለሉ ሳንቃ፣ በመጨረሻም መጽሐፉ በየተራ ገባባት። ውሃ የሚቀዳው የኔቫን ወንዝ በረዶ በመሸንቆር ነበር። ባልዲውን የሚጎትተው የልጆች መጫወቻ ተንሸራታች ጋሪ በማግስቱ የሞተውን ቤተ ዘመድ ወደ መቃብር ይጎትት ነበር።

ያም ሆኖ ብርዱ በአንድ ስፍራ የከተማይቱ ወዳጅ ሆነ። ከከተማይቱ በስተምሥራቅ ያለው የላዶጋ ሐይቅ ረጋ። በኖቬምበር 22 የመጀመሪያዎቹ የጭነት መኪናዎች በሐይቁ በረዶ ላይ ተጓዙ። ሾፌሮቹ በረዶው ከተሰበረ ዘለው ለመውጣት የመኪናውን በር ከፍተው፣ በዚያ ቁር ውስጥ ይነዱ ነበር። የፊዚክስ ሊቃውንት ደግሞ በረዶው በጭነት ክብደት ብቻ እንደማይሰበር ደረሱበት። መኪናው ሲሄድ ከበረዶው ሥር ባለው ውሃ ላይ ማዕበል ያስነሣል፤ የመኪናው ፍጥነትና የማዕበሉ ፍጥነት ሲገጥሙ በረዶው ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጉዞው ፍጥነት በመመሪያ ተወሰነ። መንገዱ በኤፕሪል 1942 ዓ.ም. በረዶው ቀልጦ እስኪዘጋ ድረስ ከ360,000 ቶን በላይ ጭነት ገባበት፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብም ወጣበት። ከበባው በጠቅላላው የወሰደው የሲቪል ሕይወት ግን ከ600,000 በላይ ነው፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ቁጥሩን ወደ አንድ ሚሊዮን ያደርሱታል።

ከደጋችን የሄደው ዘር

በዚያች ከተማ መካከል፣ በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ አጠገብ፣ የዕፀዋት ጥናት ኢንስቲትዩት ይገኝ ነበር። በመደርደሪያዎቹ ላይ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ፣ ወደ 200,000 የሚጠጋ የዘር ናሙና ተደርድሮ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የኢትዮጵያ ስንዴ፣ ገብስና ሌሎች አዝርዕት ይገኙባቸዋል።

ዘሩን ያመጣው የኢንስቲትዩቱ መሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ቫቪሎቭ በ1926 ዓ.ም. መጨረሻ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ጀምሮ፣ በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ካገኘ በኋላ፣ በበቅሎ ጓዝ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ እስከ አስመራ ተጓዘ። በየገበያውና በየማሳው እየቆመ የሰበሰበው በሺህ የሚቆጠር ናሙና ነበር። በስንዴና በገብስ ዓይነቶች ብዛት ተደነቀ። ጢም የሌለው ጠንካራ ስንዴ ያገኘውም በዚህ አገር ነው። ኢትዮጵያንም የሰብል መገኛ ከሆኑት ጥቂት የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት፤ ጤፍና ኑግ የዚህ ምድር ልጆች መሆናቸውን ጻፈ።

የዚህ ብዛት ምክንያቱ ከላይ የጠቀስነው ከፍታ ነው። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ቆላና ውርጭ በተነባበሩበት አገር፣ ገበሬው ለእያንዳንዱ ተረተር የሚስማማውን ዘር በብዙ መቶ ዓመታት ሲመርጥ ኖሯል። ቫቪሎቭም የፈለገው ይህንኑ ነበር። የእርሱ አገር እርሻ ድርቅና ውርጭ የሚፈራረቁበት ነበርና፣ ይህን ሁሉ የሚቋቋም ሰብል ለማዳቀል የዓለምን ዘር በአንድ ቤት ሰበሰበ። ዓላማው ረሀብን ከምድር ማጥፋት ነበር።

የገዛ መንግሥቱ ግን አልተቀበለውም። በዘር ውርስ ሳይንስ ላይ በተነሣው ክርክር የሊሴንኮ ወገን በስታሊን ድጋፍ በረታና፣ ቫቪሎቭ በኦገስት 1940 ዓ.ም. ለዕፀዋት ጥናት በወጣበት ተያዘ። በጃንዋሪ 26 ቀን 1943 ዓ.ም. በሳራቶቭ እስር ቤት በምግብ እጦት ተጎሳቁሎ ሞተ። በ1955 ዓ.ም. ከክሱ ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ኢንስቲትዩቱም በኋላ በስሙ ተሰየመ።

የተራቡት ዘበኞች

መሪያቸው የት እንደደረሰ ያላወቁት ባልደረቦቹ በ1941 ክረምት ዘሩን ይዘው ቀሩ። የቦምቡ ንዝረት መስኮቶቹን አራገፋቸው፤ በሳንቃ ደፈኗቸው። ክፍሎቹ ከደጁ ያልተለዩ ቀዝቃዞች ሆኑ። አይጦች በመንጋ ገቡ፤ ሠራተኞቹ ዘሩን በቆርቆሮ ሣጥን እየከተቱ ሌትና ቀን ጠበቁ።

እዚህ ላይ ስለ ዘርና ስለ ብርድ ጠባይ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። በደንብ የደረቀ ዘር ብርድ አይገድለውም። እንዲያውም ብርዱ በውስጡ ያለችውን ሕይወት አዘግይቶ ዕድሜዋን ያረዝምለታል። ድንች ግን አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው፤ ውርጭ ሲያገኘው ውሃው ረግቶ ሕዋሳቱን ይሰነጥቃል፤ ሲቀልጥም ይበሰብሳል። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ውጊያ ተካሄደ። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ስንዴና ሩዝ ከእርጥበት፣ ከአይጥና ከተራበ እጅ መጠበቅ ነበረበት። ምድር ቤት ያለው ድንች ደግሞ መሞቅ ነበረበት።

አብራም ካሜራዝና ኦልጋ ቮስክሬሴንስካያ ድንቹን ከፓቭሎቭስክ ማሳ ላይ የመድፍ ተኩስ እየወረደ አነሡት። ቫዲም ሌኽኖቪች በምድር ቤቱ ውስጥ፣ ለራሱ ክፍል ያልተገኘውን ማገዶ ከየፍርስራሹ እየለቀመ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ እያነደደ አከረመው። በ1942 የጸደይ ወራት ድንቹ በከተማይቱ ማሳዎች ላይ ተተከለ።

ላይኛው ፎቅ ላይ ግን ሞት ገባ። የኦቾሎኒ ሊቁ አሌክሳንደር ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሞተ። የሩዝ ሊቁ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ በሚቆጠሩ የሩዝ ከረጢቶች ተከብቦ በረሀብ ሞተ። የአጃ ክምችት ጠባቂዋ ሊልያ ሮዲና እንደዚሁ። ቢያንስ ዘጠኝ የኢንስቲትዩቱ ሠራተኞች እህል በእጃቸው ሳለ እህል ሳይቀምሱ አለፉ።

አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፦ የተራበ ሕፃን በደጅ እያለ እህልን መቆለፍ ምን ዓይነት በጎነት ነው? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በቀላል መልስም ሊታለፍ አይገባውም። ያ ክምችት ጥቂት ቶን ነበር፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ቢታደል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጥቂት ግራም ነው። በአንጻሩ እያንዳንዱ ከረጢት የአንድ አገር ገበሬ የብዙ ትውልድ ሥራ ነበር፤ ከተበላ ተመልሶ አይገኝም። የእኛ አገር ገበሬ ይህን ሒሳብ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። በክፉ ዘመን በሬውን ይሸጣል፣ እህሉን ይቀንሳል፣ ይሰደዳል፤ የዘሩን እህል የሚነካው ግን ከሁሉ በኋላ ነው። ዘሩን የበላ ቤት የመጪውን ዓመት ተስፋ በልቷልና። ልዩነቱ፣ የሌኒንግራድ ሊቃውንት የጠበቁት ዘር የራሳቸው ማሳ ዘር አለመሆኑ ነው። የሰው አገር ዘር፣ ለማያውቁት ትውልድ ጠበቁ።

ሰው ሠራሽ ክረምት

ዛሬ ብርድ የዘር ጠባቂ ሆኖ በፈቃድ ተቀጥሯል። በ2008 ዓ.ም. በኖርዌይ ግዛት በስቫልባርድ ደሴቶች፣ በረጋ በረዶ ተራራ ሆድ ውስጥ የተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ይጠበቃል። በሶርያ ጦርነት ሥራው የተሰናከለው የደረቅ አካባቢ እርሻ ምርምር ማዕከል በ2015 ዓ.ም. ያስቀመጠውን ዘር ከዚያ አውጥቶ እንደገና ለመዝራት በቅቷል።

ኢትዮጵያም በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የራሷን የዕፀዋት ዘር ማዕከል አቋቋመች። ውርጭ በማይከርምበት ከተማ፣ በመኪና ኃይል ክረምት ተሠርቶ የገበሬው ዘር በብርድ ክፍል ተቀመጠ። በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት የማዕከሉ ሠራተኞች በ1984ቱ ድርቅ ወቅት ከገበሬው እጅ ሊጠፋ የተቃረበውን ዘር ለማትረፍ ተንቀሳቀሱ። ዶክተር መላኩ ዘር በብርድ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም መኖር አለበት ብለው ተከራከሩ፤ በማሳ ላይ ያለ ዘር ከአየሩ ጋር አብሮ ይለዋወጣልና። ለዚህ ሥራቸው በ1989 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

የዘሩም ጥቅም ከአንድ አገር አልፏል። በካሊፎርኒያ የገብስ ማሳ በቫይረስ በሽታ በተጠቃ ጊዜ መድኃኒቱ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነበር። አንድ የደጋ ገበሬ ለገዛ ተረተሩ የመረጠው ዘር፣ ባሕር ማዶ ያለውን ማሳ አዳነ።

ሰው ከብርድ ጋር ባደረገው ረጅም ትግል ብዙ ነገር ሠርቷል፤ ፔችን፣ ካባን፣ የበረዶ ጎጆን። በሌኒንግራድ የታየው ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሰዎቹ ብርዱን አላሸነፉትም፤ ብዙዎቹም ጸደይን አላዩትም። ከጸደይ በኋላ የሚዘራ ነገር እንዲኖር ግን አደረጉ። ከአንኮበርና ከጎንደር፣ ከአክሱምም ወገን የሄደው ዘር በእነርሱ ጠባቂነት ያንን ክረምት አልፏል፤ ይህም በእኛ ታሪክ ውስጥ ጭምር ሊጻፍ የሚገባው ውለታ ነው።