ዙፋን የለያየው ትዳር፦ ንግሥት ዘውዲቱ እና ራስ ጉግሣ ወሌ



እዚህ ለገዳዲ ባለትዳሮች በየሁለት ሳምንቱ ተሰብስበን ቃሉን እናጠናለን። ባለፈው ቅዳሜ ያጠናነው ማቴዎስ 19ን ነበር። እግዚአብሔር ያጣመራቸውን ሰው እንዳይለያቸው ጌታ ያስጠነቀቀበት ክፍል ነው። ጸልየን ሻይ እየጠጣን ሳለ በትምህርት ቤት ታሪክ የምታስተምር አንዲት እህታችን ጥያቄ አነሣች፦ «ፓስተር፣ ንግሥት ዘውዲቱንስ ምን እንበላቸው? ሲነግሡ ከባላቸው ተለይተዋል። ባላቸውን ይወዷቸው ነበር ወይስ ዙፋኑን መረጡ?»

ቤቱ ወዲያው ሞቀ። አንድ አባት «ባላቸው በሞቱ በሁለተኛው ቀን ሞቱ እኮ! ሐዘን ነው የገደላቸው» አሉ። አንድ ወንድም «ቢወዷቸው ኖሮ ዘውዱን እምቢ ይሉ ነበር» ብሎ ተከራከረ። ሌላው ደግሞ የመርዝ ወሬ አነሣ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከዘጠና ዓመት በፊት ያረፉትን ባልና ሚስት ከሰስናቸው፣ ተሟገትንላቸው፣ ፈረድንባቸውም። ወደየቤታችን ስንሄድ ግን ልባችን አላረፈም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን በእርጋታ እንየው፤ ቃሉም እኛን ይየን።

ዘውዲቱ የዐፄ ምኒልክ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት በ1868 ዓ.ም. ነው። ትዳራቸው ከመጀመሪያውም የመንግሥት ጉዳይ ነበር። ገና በልጅነታቸው ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ በመገዛታቸው የተደረገ ጋብቻ ነበር። ራስ አርአያ በ1880 ዓ.ም. ሞቱ፤ ዘውዲቱም ወደ አባታቸው ተመለሱ። ከዚያ ሁለት ጊዜ አገቡ፤ ሁለቱም ትዳሮች አልጸኑም። በ1892 ዓ.ም. ደግሞ ጉግሣ ወሌን አገቡ። ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ብጡል ልጅ ነበሩ። ስለዚህ ይህም ጋብቻ ሁለት ታላላቅ ቤቶችን ያገናኘ ነበር።

ይህ ትዳር ግን ቆየ። ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጅ ኢያሱ የምኒልክ ልጅ ለሥልጣናቸው እንደሚያሰጉ ስላዩ ዘውዲቱንና ባላቸውን ከከተማ አራቋቸው። ባልና ሚስቱ ያንን የመገለል ዘመን አብረው አሳለፉት።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት አሏቸው። ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። የሸዋ መኳንንት ግን ስጋት ነበራቸው። እቴጌ ጣይቱን በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ያራቁት በብዙ ትግል ነው። አሁን የእቴጌይቱ የወንድም ልጅ የንግሥቲቱ ባል ሆነው ቤተ መንግሥት ቢገቡ፣ ያስወጡት ወገን ተመልሶ ይገባል ብለው ፈሩ። ስለዚህ ራስ ጉግሣ ከሚስታቸው ተለይተው በሰሜን፣ በበጌምድር ግዛታቸው እንዲቀመጡ ተደረገ። ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ባላቸው የቤተ መንግሥቱ ሰው አልነበሩም። መገለል ያልለያያቸውን ሰዎች ዙፋን ለያያቸው።

ከዚያ በኋላ 13 ዓመት አለፈ። በ1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ በንጉሥ ተፈሪ ላይ ተነሡ። ንግሥቲቱ እንዲተዉ ደጋግመው እንደለመኗቸውና እንዳዘዟቸው ይነገራል፤ እርሳቸው ግን አልተመለሱም። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም በተደረገው ጦርነት አውሮፕላን መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ወረቀቱ ራስ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ መሆኑን የሚያስታውቅ ነበር። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን በውጊያው ወደቁ። መጋቢት 24 ቀን ደግሞ ንግሥት ዘውዲቱ በአዲስ አበባ አረፉ።

በሁለቱ ሞት መካከል ያለችው ሁለት ቀን ናት ወሬን ሁሉ የወለደችው። ሐዘን ገደላቸው የሚሉ አሉ። የባላቸው ሞት ከመሞታቸው በፊት አልተነገራቸውም የሚሉም አሉ። በሰነድ ከሚታወቀው፣ የስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ በዚያ ሰሞን ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው ነበር፤ ጊዜውም ዐቢይ ጾም ነበር። የደከመ ሰውነት በእነዚህ ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

እንግዲህ የቅዳሜውን ክርክራችንን መለስ ብለን እንየው። «ዙፋኑን መረጡ» ያልነው፣ ምርጫው በእጃቸው እንደነበር ቆጥረን ነው። በልጅነታቸው ለመንግሥት ስምምነት የተዳሩ ሴት፣ መኳንንት ከብበው ሲያነግሧቸው ምን ያህል መምረጥ ይችሉ ነበር? «በሐዘን ሞቱ» ያልነው ደግሞ ታሪኩ እንደ ፍቅር ልብ ወለድ እንዲያልቅልን ስለፈለግን ነው። እንዲተዉ ያዘዟቸው ስለጠሏቸው ነው ብሎ መናገር ይቻላል፤ እንዳይሞቱባቸው ስለወደዷቸው ነው ብሎ መናገርም ይቻላል። ያው አንድ ትእዛዝ ሁለቱንም ይሸከማል። ግምታችን ስለ ንግሥቲቱ ልብ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ራሳችን ልብ ይነግረናል።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን የመሰለ ታሪክ አለው። የሳኦል ልጅ ሜልኮል ዳዊትን እንደወደደችው ተጽፏል (1ኛ ሳሙ. 18፥20)። ሳኦል ግን ከዳዊት ነጥቆ ለፈልጢኤል ሰጣት። ከዓመታት በኋላ አበኔር ከዳዊት ጋር ሊስማማ ሲመጣ፣ ዳዊት ሜልኮል ካልመጣች ፊቴን አታይም አለ። የመንግሥት ድርድር ነበር። ሴቲቱን ከባሏ ወሰዷት። ፈልጢኤልም እያለቀሰ እስከ ብራቂም ድረስ ተከተላት፤ አበኔር ተመለስ ሲለው ተመለሰ (2ኛ ሳሙ. 3፥13–16)።

ሜልኮል በዚያ መንገድ ላይ ምን ተሰማት? ቃሉ አይነግረንም። የባልየውን እንባ ጻፈ፤ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደወሰዳት ጻፈ። የሴቲቱን ልብ ግን አልገለጠም። መንፈስ ቅዱስ ያስጻፈው መጽሐፍ በዝምታ ያለፈውን ልብ እኛ በሻይ ሰዓት መተንተናችን ምን ይባላል? ይልቁን ቃሉ ጣቱን የሚቀስረው በለያዮቹ ላይ ነው። የንግሥት ዘውዲቱም ታሪክ በእርግጠኝነት የሚነግረን ይህንኑ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረውን ፍቅር መመዘን አንችልም፤ ሌሎች በመካከላቸው ምን እንዳደረጉ ግን በቀንና በዓመተ ምሕረት ተጽፎ ይገኛል።

ይህን የምንጽፈው ንጹሕ እጅ ይዘን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅብረታችን አንድ ወንድም ሚስቱንና ልጆቹን እዚህ ለገዳዲ ትቶ ሰበታ መኖር ጀመረ። እኛ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ተሰብስበን «ሌላ ሴት ይዞ ይሆናል» ተባባልን። ከመካከላችን ሄዶ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። «ይሆናል» ያልነው ወደ መዘምራን ሲደርስ «ነው» ሆነ፤ ከዚያም ሚስቱ ጆሮ ገባ። ከስምንት ወር በኋላ በመጨረሻ ሰበታ ሄደን አገኘነው። በፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ተቀጥሮ ከሦስት ሰዎች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቷል። ለልጃቸው ሕክምና የተበደሩትን ገንዘብ እየከፈለ ነበር፤ ዕዳው አሳፍሮት ለማንም አልተናገረም። «ፓስተር፣ ሚስቴ ታምነኝ ነበር። አሁን ግን ስደውል አታነሣም» አለን።

በጉልበታችን ተንበርክከን ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅናቸው። ዛሬ በጌታ ቸርነት አብረው ይኖራሉ፤ የሚያመልኩት ግን በሌላ ኅብረት ነው። አንወቅሳቸውም። ዙፋን ያደረገውን ነገር የእኛም አንደበት ሊያደርገው ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ወገኖች፣ በዘመናችንም ባልና ሚስትን የሚለያዩ መኳንንት አልጠፉም። «ከእኛ ብሔር አይደለችም» የሚል ዘመድ፣ የውርስ መሬት የሚቆጥር ወንድም፣ ሙሽራዋን በሠርጓ ማግስት ወደ ዓረብ አገር የሚሸኝ ችግር አለ። አንዳንድ ጊዜ ዙፋኑ «አገልግሎት» ይባላል። መድረክ ላይ ቆመን ስለ ትዳር ስንሰብክ ሚስቶቻችን ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚበሉበት ምሽት ስንት ነው? ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመን ለራሳችን ለአገልጋዮች እንጠይቅ።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ያለ ግምት የሰውን ትዳር የሚያውቅ አንድ ብቻ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ጌታ ኢየሱስ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ያገኛት ሳምራዊት አምስት ባሎች ነበሯት፤ አሁን አብሯት ያለውም ባሏ አልነበረም። ሁሉን ያውቅ ነበር። ይህን የነገራት ደቀ መዛሙርቱ ምግብ ሊገዙ ሄደው ሳለ፣ ለራሷ፣ ፊት ለፊት ነው። ሲመለሱም ታሪኳን አላወራላቸውም። አስቀድሞም የሕይወትን ውሃ እንደሚሰጣት ነግሯት ነበር። በትዳራችሁ የቆሰላችሁ፣ ሰው በወሬ የጨረሳችሁ፣ ወደ እርሱ ኑ። የምታስረዱት ነገር የለም፤ ያውቃል፤ አውቆም አይጥላችሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እህታችን ጥያቄዋን ብትደግመው መልሳችን ይህ ነው፦ የንግሥት ዘውዲቱንና የራስ ጉግሣን ልብ ለፈጠራቸው አምላክ እንተወው። እኛ ግን ዛሬ ማታ ሦስት ነገር እናድርግ። ስለማን ትዳር ያለ እውቀት እንደተናገርን እናስብና ንስሐ እንግባ። ተለያይተው ያሉ ባልና ሚስት ካወቅን ከማውራት ይልቅ ሄደን እንጠይቃቸው። በራሳችን ቤት ደግሞ በመካከላችን የገባ ዙፋን ካለ በስሙ እንጥራውና በጌታ ፊት እናውርደው።

አባት ሆይ፣ ያጣመርከውን እኛ እንዳንለይ አንደበታችንን ጠብቅ። የተለያዩትን በምሕረትህ አስብ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።