የተሳቢ ጎማና ቸርኬ ጉድለት፦ በሐይቅና በአምባሰል መስመር የሚሠሩ ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ተጭኖ ወደ ወልድያ አቅጣጫ የሚጓዝ ዕቃ በደሴ፣ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሐይቅ ከተማ እና የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በውጫሌ በኩል ያልፋል። በመስመሩ የሚሠራ ባለተሳቢ የጭነት ተሽከርካሪ ሃያ ያህል ጎማዎች አሉት። ከእነዚህ የአንዱ መፈንዳት ወይም የአንድ ቸርኬ መላቀቅ ለባለንብረቱ የብዙ ቀን ገቢ ማጣት ነው፤ ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ከሆነ ደግሞ የአሽከርካሪውንና የመንገደኛውን ሕይወት ያሳጣል። ጉድለቱ የፋብሪካ በሆነበት ጊዜ እንኳን ብዙ ባለንብረቶች መብታቸውን የሚያጡት ሕግ ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን፣ በግዢው ዕለት መያዝ የነበረበትን ማስረጃ ባለመያዛቸው ነው።

ተጠያቂው ማን ነው?

ጎማው በቻይና፣ በሕንድ ወይም በአዲስ አበባው ሆራይዘን አዲስ ጎማ ፋብሪካ የተመረተ ሊሆን ይችላል። የገዢው የመጀመሪያ ተጠያቂ ግን ደረሰኝ የሰጠው ሻጭ ነው። «ለፋብሪካው አመልክት» የሚለው የተለመደ መልስ ሻጩን ከኃላፊነት አያወጣውም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ሲያገኝ፣ ዕቃው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ሻጩ እንዲለውጥለት ወይም ዋጋውን እንዲመልስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ከዚህ የተሻለ ጥቅም የሚያስገኝ ዋስትና ወይም ውል ካለ ሸማቹ በዚያው መጠቀም ይችላል። በዕቃው ምክንያት ጉዳት የደረሰበት ሸማች ካሳ የሚጠይቀውም ቸርቻሪውን ብቻ አይደለም፤ አምራቹ፣ አስመጪውና ጅምላ ሻጩም በአንድነት ወይም በተናጠል ሊጠየቁ ይችላሉ። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን ሥልጣንና ተግባር በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ አለ። አዋጁ «ሸማች» የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ ዕቃ የሚገዛን ሰው ነው። ለቤተሰብ መኪናው ጎማ የገዛ ሰው በዚህ ትርጉም ይሸፈናል። ተሳቢውን ለጭነት ንግድ የሚያሠራ ባለንብረት ግን በሸማችነቱ ብቻ መመካት አይገባውም፤ ይበልጥ አስተማማኝ መሠረቱ የሽያጭ ውሉ፣ የአምራቹ የዋስትና ወረቀትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ናቸው። በዚህ ሕግ መሠረት ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለቱን እንዳወቀም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ክስ ማቅረብ ካስፈለገ ማስታወቂያውን በሰጠ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በቃል ብቻ የተነገረ ማስታወቂያ ከወራት በኋላ ለማስረዳት አስቸጋሪ ስለሆነ በጽሑፍ አድርጎ ሻጩን በቅጂው ላይ ማስፈረም ይመከራል።

አዲስ ተሳቢ የገዛ ሰው ደግሞ ሁለት ዋስትና እንዳለ ማወቅ ይኖርበታል። የተሳቢው አምራች በአብዛኛው ዋስትና የሚሰጠው ለሻሲው፣ ለአክስሉና ለብየዳው ነው፤ የጎማው ዋስትና የጎማው አምራች ነው። ሁለቱም ወረቀቶች በርክክቡ ዕለት ካልተጠየቁ፣ ጎማው ሲፈነዳ አንዱ ወደ ሌላው እየላከ ባለንብረቱን ያንከራትተዋል።

በደረሰኙና በጎማው ጎን ላይ የሚነበብ

«ጎማ 6 ፍሬ» ብቻ የተጻፈበት ደረሰኝ ለክርክር አይጠቅምም። የንግድ ስሙ፣ ልኩና በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ተመዝግቦ መገኘት አለበት። «ዶት» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ባለው ረድፍ ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የምርቱን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 3222 ማለት በ2022 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረተ ማለት ነው። «አዲስ» ተብሎ የቀረበ ጎማ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ወይም ደጅ ፀሐይ ላይ ተከምሮ የቆየ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የጭነት መጠን ቁጥሩም መታየት አለበት። በ315/80 አር 22.5 ጎማ ላይ 156/150 ተብሎ ቢጻፍ፣ ጎማው ብቻውን ሲገጠም እስከ 4,000 ኪሎ ግራም፣ በጥንድ ሲገጠም ደግሞ እያንዳንዱ እስከ 3,350 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ከዚህ በላይ መጫኑ ከታወቀ አምራቹ ዋስትናውን ለመንፈግ በቂ ምክንያት ያገኛል።

የፋብሪካ ጉድለት ወይስ የአያያዝ?

ዋስትናው የሚሸፍነው የጥሬ ዕቃና የአሠራር ጉድለትን ነው። የመሬት መንከሻው ጥርስ ገና ሳያልቅ ከሥረኛው ሽፋን መላቀቁ፣ ምት ሳይነካው ጎኑ ማበጡ፣ ቸርኬውን የሚነክሰው ከንፈር መሰንጠቁ የፋብሪካ ጉድለት ሊሆኑ የሚችሉ ምልክቶች ናቸው። ጥያቄው ተቀባይነት ሲያገኝም ሙሉ ዋጋ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ ብዙ አምራቾች የሚተኩት በቀረው የጥርስ ጥልቀት ልክ አስልተው ነው። በአንጻሩ በጎኑ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ የሚበጠስ የውስጥ ሽቦ በአነስተኛ ንፋስ የመነዳት ምልክት ስለሆነ ባለሙያው ጎማውን እንዳየ ይለየዋል። መሆን ካለበት ንፋስ 20 በመቶ የጎደለበት ጎማ እየተነዳ ከቆየ፣ ለምሳሌ 110 ፒኤስአይ ሊኖረው ሲገባ 88 ሆኖ ከተገኘ፣ እንደገና ከመሞላቱ በፊት ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ መመርመር አለበት። ሳይመረመር ቢሞላ ጎሚስታው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል፤ የከባድ ተሽከርካሪ ጎማ በብረት መከላከያ ውስጥ ሆኖ እንዲሞላ የሚፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው።

የዚህ መስመር የአየር ጠባይ ልዩነት በንፋሱ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ቀላል አይደለም። በአፋር ቆላ ሚሌ ላይ በ40 ዲግሪ ሙቀት 110 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ሐይቅ አድሮ በ10 ዲግሪ ማለዳ ቢለካ ወደ 100 ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ንፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ፣ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ነው። በጉዞ የሞቀን ጎማ «በዝቶበታል» ብሎ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ንፋሱ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የተለካውን ንፋስ በደብተር መመዝገብ ለረዳቱ የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን፣ አምራቹ «ንፋስ አጉድላችሁ ነድታችኋል» ሲል የሚቀርብ ማስረጃም ይሆናል።

የቸርኬ መላቀቅ

ቸርኬ የሚላቀቀው ብዙውን ጊዜ በዳዶ መላላት ነው። ቸርኬው ተፈቶ ሲገጠም በሞዞውና በቸርኬው መካከል ቀለም፣ ዝገት ወይም ጭቃ ካለ በጉዞ ላይ እየተጠቀጠቀ ስለሚሄድ ጠብቆ የነበረው ዳዶ ይላላል። በዚህ ምክንያት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ አምራቹ በወሰነው የማጥበቂያ ልክ ደግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ደሴ ላይ ቸርኬ ያስፈታ አሽከርካሪ ይህን ለማድረግ አመቺ ቦታው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያለችው ውጫሌ ናት። ከዳዶው ሥር እንደ ጨረር የሚወርድ የዝገት መስመር ከታየ ግን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ቸርኬው ወርዶ የብሎኑ ቀዳዳዎች መታየት አለባቸው። ጎሚስታውም ለሠራው ሥራ ደረሰኝ ሊሰጥ ይገባል፤ ሸማች የሆነ ተገልጋይ ጉድለት ላለበት አገልግሎትም በ15 ቀናት ውስጥ በነጻ እንዲሠራለት ወይም ክፍያው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላልና።

አቤቱታ አቀራረብ

ጉድለት ሲገኝ ጎማው ከነቁጥሩ፣ ከነተሽከርካሪው ሰሌዳና የኪሎ ሜትር ንባብ ፎቶግራፍ ይነሣል። የተፈነዳው ጎማ ጉዳዩ እስኪያልቅ መቀመጥ አለበት፤ ለበረባሶ ሠሪ ከተሸጠ በኋላ የቀረበ አቤቱታ የሚመረመር ነገር አይኖረውም። ቀጥሎ ለሻጩ የጽሑፍ ጥያቄ ይቀርባል። ሻጩ አልቀበልም ካለ ወይም መልስ ካልሰጠ፣ የደረሰኙ፣ የዋስትናውና የጥያቄው ቅጂ ተያይዞ ሻጩ ለሚሠራበት ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ይቀርባል፤ በዚያ እልባት ያላገኘ ጉዳይ ደሴ ለሚገኘው የደቡብ ወሎ ዞን ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ሊቀርብ ይችላል። ጽሕፈት ቤቱ ደረሰኝ የማይሰጥን ወይም አሮጌውን አዲስ ብሎ የሚሸጥን ነጋዴ ይቆጣጠራል። በውል ላይ የተመሠረተ የካሳ ክርክር ግን የሚወሰነው በፍርድ ቤት ነው፤ ባለንብረቱ በአስተዳደር በኩል መልስ ሲጠብቅ የአንድ ዓመቱ የክስ ጊዜ እንዳያልፍበት ቀኑን መከታተል ይኖርበታል።