የደስታ በሽታ መጥፋቱ በምን ታወቀ?

በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣሊያ ጦር ካስመጣቸው ከብቶች ጋር በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ አገሩን ያለ በሬ አስቀረው። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይነገራል። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ጨብጠው መሬት እስከ መቆፈር ደረሱ። ያየው ሕዝብ ዘመኑን «ክፉ ቀን» አለው።

ይህ በሽታ ዛሬ ከምድር ገጽ ጠፍቷል። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በኬንያ ሙጉጋ ሁነኛውን ክትባት ላዘጋጁት እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ለዋልተር ፕሎራይት ነው፤ ይገባቸዋልም። በሽታው መጥፋቱን ያረጋገጠው ግን ክትባቱ ሳይሆን የደም ምርመራው ነው። እንዲያውም ክትባቱ ለማረጋገጫው እንቅፋት ሆኖ ነበር። በተከተበ ከብት ደም ውስጥ ያለው፣ ምርመራው የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካል ታሞ ከዳነው አይለይማ! ስለዚህ አገሮች መከተብ ማቆም ነበረባቸው። ክፉ ቀንን የሚያስታውስ አገር ከብቱን ሳይከትብ ለግጦሽ ሲያሰማራ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀው መገመት አያዳግትም።

ደሙም ከተገኘው ከብት ሁሉ አይቀዳም። ክትባት ከመቆሙ በፊት የተወለደ አይሆንም። ጨቅላ ጥጃም አይሆንም፤ ከተከተበች እናቱ እንገር ጋር የጠጣው ፀረ እንግዳ አካል ለወራት በደሙ ይቆያል። ባለሙያው አፉን ከፍቶ ከጥርሱ ዕድሜውን ይገምታል። ረዳቱ ቀንዱን ይዞ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ ባለሙያው የአንገቱን ደም ሥር በአውራ ጣቱ ሲጫነው እንደ ገመድ ይወጠራል፣ መርፌው ይገባል፣ ደሙ ወደ ቱቦው ይሳባል። ቱቦው ጥላ ሥር ይቀመጣል። ደሙ ሲረጋ ቢጫው ሴረም ከላይ ይጠልላል፤ እሱ ተቀድቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት በበረዶ ሳጥን ይጓዛል። ቆላ ላይ በረዶው ሳይቀልጥ ላቦራቶሪ ማድረስ ራሱን የቻለ ትግል ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሴረሙ 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ ኤላይዛ በተባለው ዘዴ ይመረመራል። ለደስታ በሽታ በዋለው ዓይነት ቀለሙ ከደመቀ ከብቱ ንጹሕ ነው፤ ከደበዘዘ ግን ደሙ ቫይረሱን ወይም ክትባቱን ያውቃል ማለት ነው። የምግብና እርሻ ድርጅትና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ምርመራውን ለአፍሪካ ላቦራቶሪዎች አዳረሱ። ከብዙ ሺህ ብልቃጥ «የለም» የሚል መልስ የለቀሙትን ባለሙያዎች ስም የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ግንቦት 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ፣ ሰኔ 21 ደግሞ ሮም ላይ ዓለም ከደስታ በሽታ ነጻ መሆኗ ታወጀ። አሁን ተራው የበጎችና የፍየሎች ደስታ መሰል በሽታ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2030 ለማጥፋት ታቅዷል። በሥራ ላይ ያለው የዚህ በሽታ ክትባትም የተከተበውን ታሞ ከዳነው አያስለይም። ክትባቱ በሚቆምበት አካባቢ ሁሉ የግልገሎችን ጥርስ እያዩ ደም መቅዳቱ ይቀጥላል።