የጉለሌ ዳገትና የመኪና ስም

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም ሽቅብ የሚወጣው መንገድ፣ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የጫኑበትን ደብር ከታችኛው ከተማ ጋር የሚያገናኝ ፍኖት በመሆኑ፣ መኪና የሚባል ነገር ባልታወቀበት ዘመን የበቅሎን ትንፋሽ፣ መኪና ከታወቀም ወዲህ የሞተርን ጉልበት ሲመዝን ኖሯል። ጉለሌ፣ ስሙን በስፍራው ከኖረው የኦሮሞ ነገድ የወረሰው ይህ የአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ ጀርባውን ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ለሚለው ተራራ ሰጥቶ የተቀመጠ ነውና፣ የአገሩ ሰው የመኪናን ነገር ሲያነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንጦጦን ትወጣለች ወይ?» ብሎ ነው። የመኪና ወዳጆች ዛሬ ስለ ፋብሪካዎች ዕቅድ፣ ስለ ስማቸው ክብርና ወደፊት ስለሚያወጧቸው ባለ ከፍታ የቤት መኪናዎች አብዝተው ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር፣ ይህ ክርክር በእኛ አገር ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለውና ፍርዱም ከማስታወቂያው ይልቅ በዳገቱና በጋራዡ ሲሰጥ እንደ ኖረ ማስታወስ እወዳለሁ።

የመጀመሪያው የመኪና አሻሻጭ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ዎልስሌይ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ወገን በበረሃና በገደል አሳልፎ ለምኒልክ ሲያቀርብ፣ ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልዝ የተባለው ጀርመናዊ ናከ ከተባለው የአገሩ ፋብሪካ የወጣችውን መኪና ይዞ ተከተለው። ሁለቱም ሰዎች በልባቸው ያሰቡት አንድ ነበር፤ ንጉሡ የተቀመጡባትን መኪና መኳንንቱ ይመኟታል፣ መኳንንቱ የተመኟትንም አገሩ ሁሉ ይከተላታል የሚል ነው። አስተሳሰባቸው ብልኅ ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩ በዘውድ ዙሪያ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም፤ መንገድና ነዳጅ፣ ጠጋኝና መለዋወጫም ያስፈልግ ነበርና። የናከ ስም ቀድሞ ጠፋ፤ የዎልስሌይም ስም በአገሩ በእንግሊዝ እንኳ በ1967 ዓ.ም. ከመኪና ግንባር ላይ ተፋቀ። ከሁለቱም ቀደም ብሎ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ባመጣው በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ መኪና ሕዝቡ ተደንቆ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎት ነበር። የፋብሪካው ስም ተረሳ፤ ሕዝቡ ያወጣው ስም ግን እስከ ዛሬ በቃል ይነገራል። በእኔ ግምት የነገሩ ሁሉ መክፈቻ እዚህ ላይ ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የፋሺስት ወረራ ያደረሰብን ግፍ በሌላ መጽሐፍ የሚነገርና ሊረሳ የማይገባ ሆኖ፣ በመኪና ነገር ግን ያ ዘመን በአፋችን ላይ የማይጠፋ አሻራ ትቶብናል። መኪና የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በጉለሌ በሚገኝ በማናቸውም ጋራዥ ደጃፍ ጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው፣ ከመኪናው ሥር የተጋደመው መካኒክ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ እያለ መሣሪያ ሲጠራ፣ ከደጅ የቆመው ጎሚስታ ጎማውን ከቸርኬው ሲያላቅቅ፣ በላቫጆ የሚያጥበው ልጅ ኮፈኑንና ፓራውልቱን ሲወለውል፣ ባለቤቱም ስለ ታርጋ፣ ስለ ሊብሬና ስለ ቦሎ ሲነጋገር ይሰማል። ይህን ሁሉ ቃል ከመጽሐፍ የተማረው የለም፤ አባት ለልጅ፣ መምህር ለረድእ፣ የቆሎ ተማሪ ዜማን ከየኔታው አፍ እንደሚቀበል ሁሉ በቃል የተቀባበሉት ትምህርት ነው። በዚህም ምክንያት አንድ አምራች ወደዚህ አገር ሲገባ የሚያገኘው ባዶ ገበያ አይደለም፤ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ሥርዓትና የራሱ መዘክር ያለው ማኅበር ነው።

ከነጻነት በኋላ በመጡት ዘመናት ዳገቱ ማንን እንደ መረጠ ለማወቅ የሚሻ ሰው ፊያት 600ንና ቮልስዋገንን ያነጻጽር። ሁለቱም ሞተራቸው በስተኋላ ስለ ነበር ክብደቱ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ያርፍላቸዋል፤ በክረምት ጭቃ ሽቅብ ሲወጡ ይህ ታላቅ ረድኤት ነው። ነገር ግን ፊያቷ በውኃ የምትቀዘቅዝ ናትና፣ ሰው ሞልታ ዳገቱ መካከል ስትደርስ ራዲያተሯ መፍላቱ የተለመደ ነበረ፤ ሾፌሩም ወርዶ በጀሪካን የያዘውን ውኃ እስኪያፈስላት ተሳፋሪው ቆሞ ይጠብቃል። ቮልስዋ ግን በነፋስ የምትቀዘቅዝ ስለ ነበረች የሚፈላ ውኃ አልነበራትም። ጀርመናውያኑ ይህን ያሰቡት ስለ እንጦጦ ብለው አይደለም፤ ይሁን እንጂ በሽሮ ሜዳ መታጠፊያ ላይ ያተረፈችላቸውን ስም ምንም ዓይነት ማስታወቂያ ሊያተርፍላቸው ባልቻለም ነበር።

ቶዮታ በዚህ ረገድ የተለየ ታሪክ አለው። በ1951 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቢጄ የተባለችው የላንድ ክሩዘር እናት በፉጂ ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ ወጥታ ኃይሏን አስመስክራለች፤ ከ3 ዓመት በኋላም ላንድ ሮቨር ከተባለው የእንግሊዝ ስም ጋር የሚፎካከር ስም ተፈልጎ ላንድ ክሩዘር ተባለች። እንግዲህ ስሟን ያገኘችው ተራራ ወጥታ ነው፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተመሠረተው ሞኤንኮ የቶዮታን መኪናዎች በአገራችን ሲያከፋፍልም ዳገተኛው ሕዝብ የተቀበላት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ከዚህም ላይ መለዋወጫዋ ከሞኤንኮ ቢታጣ በመርካቶ ሶማሌ ተራ መገኘቱን መዘንጋት አይገባም፤ መለዋወጫው የማይገኝ መኪና ምንም ያህል ያማረ ቢሆን በእኛ ዘንድ ስም አይኖረውም።

ሕዝቡም ለወደደው ነገር የራሱን ስም ይሰጣል። በደርግ ዘመን ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጥጦ ይቀመጥባት የነበረችው ታክሲ፣ ያ ዘመን ካበዛው የስብሰባ ልማድ ተወስዶ «ውይይት» ተባለች። ቶዮታ ሃያስ በአንድ ባለሥልጣን ስም «አባዱላ» ተባለ። 200 የሚል ቁጥር የነበረው ላንድ ክሩዘር ደግሞ ባለ 8 ሲሊንደር ስለ ነበረ «ቪ8» ተብሎ የሹመትና የሀብት ምልክት ሆነ፤ ፋብሪካው በ2013 ዓ.ም. በተተኪው መኪና ላይ ያንን ሞተር ትቶ ወደ 6 ሲሊንደር ቢወርድም እንኳ፣ ስሙ ከሞተሩ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

አሁን ግን ነገሩ ሁሉ የሚለወጥበት ዘመን ደርሷል። መንግሥት በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚጣለውን ግብር አቃልሎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጡን 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ አድርጎ፣ በአገር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ለሚገጣጠመው ደግሞ ጨርሶ አንሥቶ ከቆየ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ወሰነ። በዚህም ጊዜ የፋብሪካዎች ዕቅድና የነጋዴዎቻችን ፈቃድ ተለያየ። ቮልስዋገን ለቻይና ገበያ ብቻ ያወጣው አይዲ 6 የተባለው ሰፊ መኪና፣ አምራቹ ባላሰበው መንገድ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በብዛት ይታያል። ቶዮታም ለኤሌክትሪክ መኪናው ላንድ ክሩዘርን የመሰለ ስም በመስጠት ፈንታ ቢዚ4ኤክስ የሚል የፊደልና የቁጥር ጥርቅም ሰጠው፤ ይህን ስሕተት ነው እላለሁ፣ ስምን ያህል ሀብት ከዜሮ መጀመር ምን ይባላል?

ዳገቱስ ስለ እነዚህ አዳዲሶች ምን ፈረደ? በእንጦጦ ጫፍ አየሩ ስስ ነው፤ ያለ ተርቦ የሚሠራ የቤንዚን ሞተር በዚያ ከፍታ ላይ በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጉልበት ከሩብ በላይ ያጣል፤ የሚያቃጥለው አየር ያንሰዋልና። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን የሚተነፍሰው የለውም፤ ከፍታው አያሳንሰውም፤ ቆሞ ሲነሣም ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ቁልቁለቱ ነው። ቀድሞ ከእንጦጦ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ግሎ ሽታው ሽሮ ሜዳ ድረስ ይከተለው ነበር፤ አዲሱ መኪና ግን ሲወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርድ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚሆን ኃይል ይለቃል፤ ከዚያም ብዙው ተመልሶ ይሰበሰባል።

ስለዚህ የመኪና ወዳጆች ወደፊት ስለሚወጡት መኪናዎች ሲነጋገሩ፣ በሰፊ የመስታወት ሰሌዳና በሚያበሩ መብራቶች ላይ ብዙ ባይደክሙ እመርጣለሁ። ጉለሌ የሚፈልገው የታወቀ ነው፦ ባትሪው ከሥር ተነጥፎ ሆዱ በኮብልስቶኑና በጎርፍ ቦዩ ላይ እንዳይመታ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና፣ ሰሌዳው በቻይንኛ ፊደል ብቻ ያልተጻፈ መኪና፣ ከሁሉም በላይ መካኒኩ ሊከፍተውና ሊጠግነው የሚፈቀድለት መኪና። ይህን ሦስተኛውን በልዩ ትኩረት እጽፈዋለሁ፤ ያለ እርሱ ያ ሁሉ በቃል የተወረሰ ጥበብ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊመክን ይችላል። ዛሬ ገና በጋራዥ የሚያድገው ልጅ ካንዴላና ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ፊቱ ቆሞለታል፤ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ፍሬቻውና ታርጋው ግን በነበሩበት ስማቸው እንዳሉ ናቸው፤ ልጁም ከነርሱ ጀምሮ፣ በብርቱካንማ ቀለም የተጠቀለለውን የባትሪ ሽቦ ሳይነካ፣ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየተመለከተ ነው።