የከንፈር ሸክላና የካሜራ ዐይን

ወደ ጂንካ የሚመጣ የውጭ እንግዳ በአብዛኛው አንዲት ሴት ፍለጋ ነው የሚመጣው፤ ከንፈሯን በሸክላ የወጠረችውን የሙርሲ ሴት። ገና ከአገሩ ሳይነሣ በፖስት ካርድና በመጽሐፍ ሽፋን አይቷታል። እናም የሚመጣው ለማየት ሳይሆን ያየውን ለማረጋገጥ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የሙርሲ ልጃገረድ 15 ዓመት ገደማ ሲሆናት እናቷ ወይም ሌላ ሴት የታችኛውን ከንፈሯን ትበሳለች። መጀመሪያ የእንጨት ውታፍ ይገባበታል፤ ቁስሉ ሲሽር ውታፉ በየጊዜው በሚተልቅ ይተካል፤ ኋላ ሸክላው ይመጣል። ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ይሁንና ቀኑን ሙሉ አይደረግም። በሙርሲ ሴቶች ዘንድ ጥናት ያካሄደችው ሾና ላቶስኪ እንደጻፈችው፣ ሴቲቱ ሸክላውን የምታደርገው ለወንዶች ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ በሠርግና በዱላ ግጥሚያ ቀን ነው። ባሏ ሲሞት ትተወዋለች። እንግዲህ ሸክላው የራሱ ጊዜና የራሱ ተመልካች አለው። በግጥሚያው ሜዳማ ነገሩ ይገለበጣል፤ ገላውን ተቀብቶ የሚታየው ጎረምሳው፣ ተመልካቿ ልጃገረዷ ናት።

ከሩቅ የመጣው ዐይን ግን ሌላ ታሪክ ጻፈላት። «ከንፈራቸውን የሚበሱት ባሪያ ፈንጋይ እንዳይመኛቸው መልካቸውን ለማበላሸት ነው» የሚለው ወሬ ባስጎብኚውም በመጽሐፉም ሲደጋገም ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎችን ያጠናው እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን ይህን አልተቀበለም። በደቡብ የባሪያ ፍንገላ መኖሩ እውነት ነው፤ ወሬውን ግን እውነት አያደርገውም። ተመልካቹ አስቀድሞ «አስቀያሚ ናት» ብሎ ፈረደ፤ ከዚያ ለፍርዱ ምክንያት ፈለገላት!

እንዲህ ያለው አተያይ በኦሞ ሸለቆ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1930 የአሜሪካው ሪንግሊንግ ሰርከስ ከፈረንሳይ ኢኳቶሪያል አፍሪካ የመጡ ባለ ሸክላ ሴቶችን «ኡባንጊ» በሚል ስም ለትርኢት አቀረበ። ኡባንጊ የወንዝ ስም እንጂ የሴቶቹ ሕዝብ ስም አልነበረም።

የሙርሲዋ ሴት ግን ዋጋ መቁረጥ ተምራለች። ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ገበያ የሚመለከት ነው። ክፍያው በተነሣው ፎቶ ቁጥር ነው፤ እንግዳው ያነሣል፣ እሷ ትቆጥራለች። ትኩረት ለመሳብ ቀንድና ቅርጫት በራሷ ላይ ትደፋለች፤ ይህ የአያቶቿ ጌጥ አይደለም፣ የካሜራው ነው። (በባንክ መስኮት ኋላ ለምንቀመጥ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ወደ ማጎ ከመውረዱ በፊት ትልቁን ኖት በዝርዝር የሚያስመነዝር መንገደኛ ለምን እንደፈለገው አንጠይቀውም።)

ደግሞ ሦስተኛ ተመልካች አለ፤ መንግሥት። እሱ ልማዱን «ጎጂ» ብሎ እንዲቀር ይመክራል። ያው ሸክላ፣ በቢሮ የሚወገዝ፣ በመንደር የሚያስከብር፣ በመኪና መንገድ ዳር የሚሸጥ ሆነ። ዛሬ ከንፈራቸውን ሳይበሱ የሚያድጉ ልጃገረዶች አሉ። መኪናው ሲቆም እነሱም ከሌሎቹ ጋር ይሰለፋሉ፤ ካሜራው ግን ባለ ሸክላዋን ፍለጋ ያልፋቸዋል።